ኪንታሮት የሚታከም እንጂ የሚታፈርበት ሕመም አይደለም

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ብሂል በየአጋጣሚው ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ ብሂሉን አዘውትሮ የሚናገረው ሰው ራሱ፣ ሕመሙ ከወገብ በታች የሆነ እንደሆነ፣ ሸሽጎት ዓመታት ሲሰቃይ ይታያል። እንዲህ ከሚሸሸጉት ሕመሞች መካከል በገጠርም በከተማም ብዙ ሰው የሚያሠቃየው፣ ጥቂት ሰው ብቻ የሚናገረው ኪንታሮት ነው።

ጉዳዩ የግል ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ግን አይደለም። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ከጉጉፍቱ ብርዳም ሜዳ አንሥቶ በአቀስታ በኩል እስከ መካነ ሰላም ባለው አገር የሚኖረው ገበሬ ኑሮው በገብስ፣ በስንዴ፣ በባቄላና በበግ ርባታ ላይ የተመሠረተ ነው። የበልጉ ዝናብ ጠብ ሲል ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ ይወጣል። ለገበያ ቀን እህሉን በአህያ ጭኖ ዳገትና ቁልቁለቱን ይያያዘዋል። እንዲህ ላለው ሰው መቀመጥና መቆም፣ በበቅሎ መሄድና ሸክም ማንሣት የሚከለክል ሕመም ማለት የእርሻ ወቅት ማጣት ማለት ነው። የአንድ ገበሬ የአንድ ሳምንት መተኛት በደጋው አጭር የዘር ጊዜ ውስጥ ሲሰላ የዓመት ቀለብ ሊያጓድል ይችላል። ስለዚህ ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር የሚነገረውን ያህል፣ የአራሹን ጉልበት በዝግታ ስለሚበላው ሕመምም በግልጽ መነገር ይኖርበታል።

ስሙ አንድ፣ ሕመሙ ብዙ

የመጀመሪያው ችግር ከስሙ ይጀምራል። በአማርኛ «ኪንታሮት» የሚለው ቃል በእጅና በእግር ላይ ለሚወጣው ሥጋ መሰል እባጭም፣ በፊንጢጣ አካባቢ ለሚታየው ሕመምም ይነገራል። በዚህም ላይ ሕዝቡ በፊንጢጣ አካባቢ የሚደማውን፣ የሚያሳክከውን፣ መግል የሚይዘውን፣ የሚያብጠውን ሁሉ በአንድ ቃል ኪንታሮት ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ አንድ በሽታ አይደሉም። በድርቅ ዓይነ ምድር ምክንያት የፊንጢጣ ቆዳ ተሰንጥቆ እንደ ምላጭ የሚያቃጥልበት ሕመም ሌላ ነው። መግል ቋጥሮ ወደ ውጭ ቀዳዳ የሚያበጅ ፊስቱላ ሌላ ነው። በተለይ በልጆችና በአረጋውያን ላይ የደንዳኔ መውጣት ሌላ ነው። በቫይረስ አማካይነት የሚተላለፈው እባጭም ሌላ ነው። የእያንዳንዱ ሕክምና የተለያየ በመሆኑ፣ ስሙን ይዞ ብቻ መድኃኒት ማፈላለግ ቁልፉን ሳያውቁ በር እንደ መደብደብ ይቆጠራል።

በትክክለኛ ትርጉሙ ኪንታሮት የሚባለው በፊንጢጣ ውስጥ ያሉት የደም ሥር ትራሶች ሲያብጡና ከቦታቸው ሲንሸራተቱ ነው። እነዚህ ትራሶች ሲፈጠር ጀምሮ በማንኛውም ሰው ላይ ያሉ ናቸው፤ ሥራቸውም ፊንጢጣው በደንብ እንዲዘጋ ማገዝ ነው። ስለዚህ ኪንታሮት ከውጭ የገባ ባዕድ ነገር ወይም «የሚነቀል ሥር» ያለው እባጭ አይደለም። ከውስጥ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ ዓይነ ምድር ከወጣ በኋላ ደማቅ ቀይ ደም ጠብ ጠብ ሲል ይታያል። ሐኪሞች በአራት ደረጃ ይከፍሉታል። አንደኛው የሚደማ እንጂ የማይወጣ ነው። ሁለተኛው በማማጥ ጊዜ ወጥቶ በራሱ የሚመለስ፣ ሦስተኛው በእጅ ካልመለሱት የማይገባ፣ አራተኛው ደግሞ ወጥቶ የሚቀር ነው። ከውጭ በኩል የሚነሣው ግን ደም ሲረጋበት በድንገት ጠጣር ሆኖ ያብጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናትም ከባድ ሥቃይ ያስከትላል።

መነሻው ምንድን ነው?

ሕመሙን ፀሐይ በመታው ድንጋይ ላይ ከመቀመጥ የሚመጣ አድርገው የሚገምቱ ብዙዎች ናቸው። ሌሎች በርበሬን ይወቅሳሉ። በርበሬ የቆሰለውን ሊያቃጥል ይችል ይሆናል እንጂ ኪንታሮትን የሚያመጣ ስለ መሆኑ ማስረጃ የለም። ዋናው ጠላት የሆድ ድርቀትና ማማጥ ነው። ለረዥም ጊዜ የቆየ ተቅማጥ፣ መጸዳጃ ላይ ተቀምጦ መቆየት፣ እርግዝናና ከባድ ሸክም ነገሩን ያባብሱታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የደጋው ሰው ቆሎ፣ በሶ፣ ባቄላና ምስር እየበላ እንዴት ሆዱ ይደርቃል? መልሱ ያለው ከውሃው ዘንድ ነው። አሰር ያለው ምግብ ዓይነ ምድርን የሚያለሰልሰው በቂ ውሃ ሲያገኝ ነው፤ ውሃ ከጎደለው ግን ይደርቃል። በአቀስታ ብርድ ውስጥ የሚውል ሰው ጥም አይሰማውም። በዚህም ላይ ውሃው ከሩቅ ምንጭ በእናቶችና በልጃገረዶች ጀርባ የሚመጣ በመሆኑ ለቡናና ለወጥ ከተቆጠበ በኋላ ለመጠጥ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በጾም ወራት፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቀኑን ሳይጠጣ ሲውል፣ ማታ የሚጠጣው ውሃ ካነሰ ድርቀቱ ይጠናል። ከተሜው ደግሞ ከአሰሩ በተለየ ፉርኖ ዱቄት የተጋገረ ዳቦ እየለመደ፣ ቀኑን በወንበር ወይም በመኪና መሪ ላይ እየዋለ ነው። ጫት የሚያዘወትር ሰውም ረዥም ሰዓት ከመቀመጡ ሌላ ቅጠሉ ሆዱን ያደርቅበታል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የየመን ጥናት ጫትንና ኪንታሮትን አያይዞ ማቅረቡ ለዚህ ነው።

ከሁሉም በላይ ችላ የተባለው የሴቶች ጉዳይ ነው። በየጓሮው መጸዳጃ በሌለበት መንደር ወንዱ ሲያሻው ወደ ጫካ ወይም ወደ ሸለቆ ይወርዳል። ሴቷ ግን ሰው እንዳያያት ጨለማን ትጠብቃለች። ቀኑን ሙሉ የታመቀ ዓይነ ምድር ውሃው በአንጀቷ ተመጦ ይደርቃል፤ ማታ ስትወጣ ደግሞ ያስምጣታል። ስታረግዝ የማኅፀኑ ክብደት ደም ሥሮቹን ይጫናል። ለደም ማነስ መከላከያ የሚሰጣት የብረት ክኒንም ሆድ ሊያደርቅ ይችላል። መፍትሔው ክኒኑን መተው አይደለም፤ ውሃ መጨመርና ለጤና ባለሙያው መንገር ነው። በምጥ ጊዜ የተባባሰ ኪንታሮት ይዛ ከአራስ ቤት የምትወጣ እናት፣ ስለ ልጇ ሁሉ ስትጠየቅ ስለዚህ ግን የሚጠይቃት አታገኝም። እንግዲህ የመጸዳጃ ጉድጓድ መቆፈር ከተቅማጥ ብቻ ሳይሆን ከዚህም ሕመም የሚያድን ሥራ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

ከመድኃኒት አዋቂ ደጅ

ያፈረ ሰው የመጀመሪያ መሸሸጊያው የመድኃኒት አዋቂ ቤት ነው። አዋቂው አይዘልፈውም፤ ስሙን በመዝገብ አይጽፍም፤ ተሰልፎም አይጠበቅም። ይህን የሕዝብ አመኔታ መናቅ ስሕተት ነው። አባቶች ከዕፀዋት ያወቁት ብዙ ጥቅም አለ። ለምሳሌ በደጋው የሚበቅለው ተልባ ሆድን የሚያለሰልስ መሆኑን ዘመናዊው ሳይንስም ይደግፈዋል። ነገር ግን እንደ ቁልቋልና ቅንጭብ ወተት ያለ የሚያቃጥል ነገር በዚያ ስስ ሥጋ ላይ መቀባት፣ በጋለ ብረት መተኮስ ወይም በክር አስሮ መቁረጥ ከተልባ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ፊንጢጣውን ሊያጠብበው ይችላል። የሚዘጋው ጡንቻ ከተጎዳም ሰውየው ዓይነ ምድሩን መቆጣጠር ይሳነዋል። ከዚህም ሌላ መንጋጋ ቆልፍና መመርቀዝ ሊከተሉ ይችላሉ። ለአንድ ወር ሕመም የተፈለገው ፈውስ የዕድሜ ልክ ጉዳት ሆኖ ሲያርፍ ማየት ያሳዝናል።

ሕክምናው

ብዙው ኪንታሮት ቢላዋ ሳይነካው የሚሻል ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት በጓዳ ይገኛል። ጥራጥሬ፣ ጎመን፣ ያልተበጠረ ዱቄትና ተልባ በመመገብ በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር ማግኘት፣ ከዚህም ጋር ውሃ አብዝቶ መጠጣት ያስፈልጋል። ተልባ ያለ በቂ ውሃ መወሰድ የለበትም። ዓይነ ምድር ሲመጣ አለማቆየት፣ አለማማጥና ከመጸዳጃ ቶሎ መነሣት ቀጥለው ይመጣሉ። ሥቃይ ሲኖር ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ በሰፊ ሳፋ ውስጥ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቀመጥ ያስታግሣል። ከውጭ የረጋው እባጭ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ከደረሰ ተከፍቶ ሊወገድ ይችላል። ከዚያ ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየሟሸሸ ይሄዳል።

በዚህ ያልተሻለው የውስጥ ኪንታሮት በትንሽ የጎማ ቀለበት ይታሠራል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሮን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ካሻሻለው በኋላ በዓለም ዙሪያ ተስፋፍቷል። የታሠረው ሥጋ ደም ስለሚቋረጥበት በቀናት ውስጥ ደርቆ ይወድቃል። በሽተኛው አይተኛም፤ ሙሉ ማደንዘዣም አያስፈልገውም፤ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። በጣም የገፋው ብቻ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። እስከ ዛሬ የሚሠራበት ዋነኛው የቀዶ ሕክምና ዓይነት በለንደን ቅዱስ ማርቆስ ሆስፒታል ሚሊጋንና ሞርጋን የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1937 ያቀረቡት ነው። ይኸው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1835 ሲቋቋም ዓላማው በዚህ በሚታፈርበት የሰውነት ክፍል የታመሙ ድሆችን መርዳት ነበር። እንግዲህ ሀፍረቱ የወሎ ብቻ ሳይሆን የሰው ልጅ ሁሉ እንደ ነበረ፣ ፈረንጆቹም ያሸነፉት ለሕመሙ በር በመክፈት እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ችላ የማይባሉ ምልክቶች

ዝምታው ነፍስ የሚያስከፍልበት ጊዜ አለ። የትልቁ አንጀት ነቀርሳም ደም ያሳያል። አሜባና ቢልሃርዚያም እንደዚሁ። ደሙ ከዓይነ ምድሩ ጋር የተቀላቀለ ወይም የጠቆረ ሲሆን፣ ሰውነት ሲከሳ፣ የሆድ ልማድ ከቀድሞው ሲለወጥ፣ ድካምና ማዞር ሲበረታ፣ ወይም ከቤተሰብ ውስጥ በአንጀት ነቀርሳ የታመመ ሲኖር «ያው ኪንታሮቴ ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም። ለብዙ ወራት በጥቂት በጥቂቱ የሚፈስ ደም ብርቱውን ሰው በደም ማነስ ሊጥለው ይችላል። ይህን ሁሉ ለመለየት የመጀመሪያው ምርመራ የሚጠይቀው ጓንት፣ ጥቂት ቅባትና የሠለጠነ ባለሙያ ጣት ነው፤ ጥቂት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

ምን ይደረግ?

መንገዱ ከሞላ ጎደል ተጠርጓል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሴት ባለሙያዎችን እስከ ቀበሌ አድርሷል። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በደቡብ ወሎ ተሁለደሬን ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ወረዳዎች አንዷ አድርጎ፣ በኋላም ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፍቷል። በአቀስታም በመካነ ሰላምም ሆስፒታል አለ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የተዘረፈው የደሴ ሆስፒታልም ሥራውን ቀጥሏል። የጎደለው ሕመሙን በስሙ የሚጠራ አንደበት ነው።

ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ ክትባትና ስለ ወሊድ ስትጠይቅ «ስትቀመጪ ያምሻል? ደም አይተሻል?» የሚለውን ጥያቄ ብትጨምር ብዙ እናቶች ይናገራሉ። የሚያፍር ሰው ሲጠየቅ ይመልሳል፤ ሳይጠየቅ ግን አይጀምርም። ጤና ጣቢያዎች በሽተኛው በሌላ ሰው ፊት ሳይሆን በመጋረጃ ውስጥ የሚናገርበትን ቦታ ሊያበጁ ይገባል፤ ሴቷን ሴት ባለሙያ፣ ወንዱን ወንድ ባለሙያ እንዲያያቸው ቢደረግ ደግሞ የበለጠ ይበጃል። የጎማ ማሠሪያው መሣሪያ ውድ ስላልሆነ የወረዳ ሆስፒታሎች ሁሉ መሣሪያውንና የሠለጠነ እጅ እንዲያገኙ የክልሉ ጤና ቢሮ ሊያስብበት ይገባል። አለበለዚያ አንድ ገበሬ ለጥቂት ደቂቃ ሥራ በጉን ሸጦ ደሴ ድረስ ሊወርድ ነው። መድኃኒት አዋቂዎችንም ከማባረር ይልቅ ሰብስቦ ማነጋገር ይሻላል። ደም ያየን ሰው ሳይነኩ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልኩ ከሆነ ሕዝቡ የሰጣቸውን አመኔታ ለመልካም ያውሉታል።

በቤተ ክርስቲያን ደጅም ሆነ በመስጊድ፣ በእድርም ሆነ በገበያ፣ ሽማግሌዎች «እኔም ታምሜ ታክሜ ድኛለሁ» ብለው ቢናገሩ ከማንኛውም ፖስተር የበለጠ ይሰማል። ገበሬው የበሬውን ጫንቃ ቁስል ሳያፍር ገልጦ ያክማል፤ በሬው ካልዳነ እርሻው እንደማይታረስ ያውቃልና። የራሱንም ሕመም እንዲሁ የሚገልጥበት ቀን ሊመጣ ይገባል።