አባቶቻችን ሆይ፣ ዝቅ በሉልን
ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሲኖዶስ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ብፁዓን አባቶቼ፣

መስቀላችሁን ተሳልሜ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ነው። ለርክበ ካህናት ስትሰበሰቡ አጀንዳው እንደሚበዛ አውቃለሁ፤ በጀቱ፣ ሹመቱ፣ ዝውውሩ፣ አቤቱታው። እኔ የማነሣው በአንዱም አጀንዳ ስር አይገባም፤ ሁሉንም ግን ይነካል። አባትነታችሁ የሚከበረው ዝቅ ስትሉ ነው። ከፍ ከፍ ስትሉ ከእኛ ትርቃላችሁ፤ እኛም እንርቃችኋለን።

ማስረጃዬ እናንተው ናችሁ። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾምን ሲሉ በእጃችሁ ምን ነበር? ጦር የላችሁም፣ ፖሊስ የላችሁም። ጾመ ነነዌ ነበራችሁ። ሕዝቡ ጥቁር ለብሶ ይጹም፣ ያልቅስ አላችሁ፤ ራሳችሁም ጥቁር ለብሳችሁ ከፊት ቆማችሁ። በእኛ አካባቢ ጥቁር ነጠላ መግዛት ያልቻሉ እናቶች ያቺኑ የዘወትር ነጠላቸውን ቀለም ነክረው፣ ገና ሳትደርቅ ለብሰዋት ቅዳሴ መጡ፤ ቀለሙ አንገታቸው ላይ ይወርድ ነበር። በሻሸመኔ የምእመናን ደም ፈሰሰ። ሰልፍ ጠርታችሁ ነበር፤ ለመነጋገር በር ሲከፈት ሰልፉን አቆያችሁት። በየካቲት ስምምነት ተፈረመ። ያን ሰሞን ከቤተ መንግሥት እስከ ገጠር ጎጆ ድረስ ቃላችሁ የተሰማው ሥልጣን ስለነበራችሁ አይደለም። ማልቀስ ስለቻላችሁ ነው። ያ ግርማ ከዚያ ወዲህ ወዴት ሄደ?

የጣና ዙሪያ ሰው ይህን ትምህርት ቀድሞም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር እዚህ የዓባይ ምንጭ ድረስ መጥቶ ያየውን የጻፈው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ አማርኛውንም ግዕዙንም ተምሮ፣ ከሊቃውንቱ ጋር ተቀምጦ የሚከራከር፣ በእጁ ግንብ የሚገነባ ሰው ነበር። ኢየሱሳዊን በበጎ ማንሣቴ የሚከነክነው አንባቢ ይኖራል፤ ይከንክነው፤ እውነቱ ግን ንጉሡን የማረከው በመድፍ ሳይሆን በትዕግሥት ነው። በ1622 ሞተ። በ1625 በምትኩ ፓትርያርክ ተብሎ አፎንሶ ሜንዴስ መጣ። በዓመቱ ንጉሡን በመኳንንቱ ፊት አንበርክኮ ለሮም አስማለው። ካህናቱ ክህነታቸውን እንደገና ይቀበሉ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ አለ። ንጉሡ የእሱ፣ ሠራዊቱም የእሱ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ አገር ለአገር ተነሣ፣ ገበሬ በገበሬ ላይ ዘመተ። በ1632፣ ከወይና ደጋው እልቂት በኋላ፣ ሱስንዮስ ሕዝቡን ወደ አባቶቹ ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ሜንዴስም ተባረረ። ፓኤዝ በዓመታት ትዕግሥት የሠራውን ሜንዴስ በሰባት ዓመት ትእዛዝ አፈረሰው። እኛ ተዋሕዶዎች በዚህ ደስ ይለናል፤ ግን ታሪኩን የሌላ ሰው ታሪክ አድርገን ባናነበው መልካም ነው። ሜንዴስነት ከሮም ብቻ አይመጣም።

ደግሞስ በዚያ ዘመን የጣናን ሕዝብ ያጸናው ማን ነበር? አንዲት ሴት። የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ባል መልክአ ክርስቶስ ከንጉሡ ሹማምንት አንዱ ነበር። ድሎቱን ትታ መነነች፤ ተያዘች፣ ተከሰሰች፣ በግዞት ተላከች። ክህነት አልነበራትም፤ ሊኖራትም አይችልም። እንደ ማንኛዋም እኅት ትፈጭ፣ ውኃ ትቀዳ እንደነበር ገድሏ ይናገራል። በዙሪያዋ ግን ወንዱም ሴቱም እየመነነ ተሰብስቦ ማኅበር ሆነ፤ ቆራጣ ላይ በስሟ የሚጠራው ገዳም ዛሬም አለ። የሜንዴስ ማኅተም የት እንዳለ የሚጠይቅ የለም።

በእኛ በግሽ ዓባይም ያው ነው። አቡነ ዘርዐ ብሩክ በልጅነታቸው የዓለምን ክፋት እንዳያዩ ዓይናቸው እንዲሰወር የለመኑ፣ ዓመታትም በጨለማ የኖሩ አባት ናቸው። የንጉሥ ጭፍሮች ሲወስዷቸው ሰባቱን መጻሕፍት ለዓባይ ውኃ አደራ ሰጥተው፣ ከእስር ሲመለሱ ሳይርሱ እንደተቀበሏቸው እንተርካለን። ጥር 13 ቀን ከየአገሩ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ጫማውን አውልቆ ወደ ምንጩ የሚወርደው ሕዝብ የሚመጣው እኒህን የታሰሩ አባት ብሎ ነው። ያሳሰራቸውን ሹም ብሎ የሚመጣ አላየሁም።

ከቅርቡ ዘመንም ላንሣ። በ1968 ዓ.ም. ደርግ አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ ሲያስር፣ በምትካቸው ተመርጠው የወጡት ከወላይታ ሶዶ በባዶ እግራቸው የመጡት መናኝ አባ መላኩ ነበሩ፤ የእኛው አገር የማኅደረ ማርያም ልጅ። ፖለቲካ የማያውቅ ባሕታዊ ይመቸናል ተብሎ ታስቦ ነበር ይባላል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተብለው መንበሩ ላይ ቢቀመጡም የገዳም ኑሯቸውን አልለወጡም፤ በ1980 ሲያርፉ ከጾሙ ብዛት ከስተው አልቀው ነበር። በቀዳሚያቸው መገደል ጊዜ ለምን ጮክ ብለው አልተናገሩም የሚል አለ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ትሕትና አፍ መዝጋት ከሆነ አቡነ ጴጥሮስን ምን ልንላቸው ነው? ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሽስት ጥይት የወደቁት እኒያ አባት መሣሪያ አልያዙም፤ ለማግባባት የመጣውን ወራሪ ግን አሻፈረኝ አሉት። ትሑት ሰው ለራሱ ክብር አይከራከርም እንጂ ለመንጋው ዝም አይልም።

የእናንተው ዘመን ደግሞ አቡነ መርቆሬዎስን አሳይቶናል። ከ27 ዓመት ገደማ መለያየት በኋላ ሐምሌ 2010 ላይ ዕርቅ ሲወርድ፣ እርሳቸው በጸሎትና በቡራኬ፣ አቡነ ማትያስ በአስተዳደሩ ሆነው፣ የሁለቱም ስም በቅዳሴ ሊጠራ ተስማሙ። ሁለት ፓትርያርክ በአንድ መንበር! የሕግ ሰው ግራ ይጋባ ይሆናል። ሕዝቡ ግን ግራ አልገባውም፤ እልል አለ እንጂ። የቆየው ቁስል የዳነው ማን ትክክል እንደነበር ተፈርዶ አይደለም፤ ሁለት ሽማግሌዎች ትንሽ ትንሽ ስለለቀቁ ነው።

አሁን ወደሚያመኝ ልምጣ። በአንድ ደብር፣ ስሙን ልተወውና፣ አባት ሊመጡ ነው ተብሎ ለአቀባበል መዋጮ ተጣለ። ድንኳን ተከራየን፣ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ባነር ከባሕር ዳር ታትሞ መጣ፤ ባነሩ ላይ የእሳቸው ፎቶ ከጌታችን ሥዕል ይበልጥ ነበር። በቅጥሩ ጥግ የቅኔ መምህሩ የኔታ ጎጆ አለ፤ ክረምቱን ጣሪያው ሲያፈስ ከርሟል። የኔታም የደረሰባቸውን ከተማሪዎቻቸው ቀለብ ቀንሰው አዋጡ። አባታችን መጡ፣ ንግግር ተደረገ፣ ስጦታ ተሰጠ፣ መኪኖቹ ተከታትለው ሄዱ። ጎጆዋን ያየ የለም። የኔታን ብጠይቃቸው አልተቀየሙም፤ «ደክሟቸው ነው ልጄ» አሉኝ። እኔ ግን ተቀይሜያለሁ፤ ይህን የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

አብዛኞቻችሁ እኮ የቆሎ ተማሪ ነበራችሁ። ደበሎ ለብሳችሁ፣ አኩፋዳ አንግታችሁ፣ ውሻ እየከላችሁ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብላችኋል። ዋሸራ፣ ዲማ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ ስንቱን በልመና እንጀራ አሳድገው ለመንበር አበቁ! ስትመነኩሱም በቁማችሁ ፍትሐት ተፈትቶላችኋል፤ ለዓለም ሞታችሁ። የሞተ ሰው ለጵጵስና ደጋፊ ያሰባስባል? ለሹመት ደጅ ይጠናል? በየሹመቱ ሰሞን የምንሰማው ሽኩቻ፣ የጎጥ ቆጠራ፣ የመልእክተኛ ምልልስ ምእመኑን አንገት ያስደፋዋል። የቀደሙት ተሿሚዎች ከሹመት ሲሸሹ በሰንሰለት ታስረው ይመጡ ነበር ተብለን አድገናል።

ክልላችን ከ2015 ክረምት ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ነው። ተኩስ ሲሰማ ሕዝቡ ዛሬም ሮጦ የሚጠጋው ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። እዚያ የሚያገኘው ደመወዙ የማይበቃውን፣ አርሶ የሚቀድሰውን የገጠር ቄስ ነው። ያ ቄስ ጳጳሱን የሚያውቀው በባነር ብቻ ነው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ለጵጵስና እጩ ስትመርጡ የሚሮጥለትን ተዉት፤ የሚሸሸውን ከበዓቱ ፈልጋችሁ አምጡት። የአቀባበል መዋጮ በቃ ብላችሁ በፊርማችሁ ከልክሉ፤ የተሰበሰበ ካለ ለአብነት ትምህርት ቤቶች ቀለብና ጣሪያ ይዋል። የየሀገረ ስብከቱ ገቢና ወጪ በዓመት አንድ ጊዜ በምእመኑ ፊት ይነበብ። በጸሎተ ሐሙስ በካቴድራል የምታጥቡትን እግር አንዳንድ ዓመት ገጠር ወርዳችሁ እጠቡ፤ እኛ ዘንድ ካሜራ የለም እንጂ ጭቃ የነካው እግር ሞልቷል። በክልላችን የሚዋጉትንም ወገኖች፣ በ2015 ጥቁር ለብሳችሁ እንደቆማችሁት ቆማችሁ፣ ለማንም ሳታደሉ በእንባ ገሥጹልን።

በሚመጣው ጥር 13 ከእናንተ አንዱ ያለ አጀብ ወደ ግሽ ዓባይ ይምጡ። ቀድመው አይንገሩን። ማደሪያ አለ፤ የገብስ ዳቦና ድንችም አናጣም። የኔታንም እናገናኝዎታለን።

ቡራኬያችሁ አይለየን።