ዙሩ የማያልቅ ዕቁብ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሐዋሳ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ ውስጥ አንድ ጁስ ቤት ተቀምጠን ጓደኛዬ ስልኩን አቀበለኝ። «አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረህ የለ? እስቲ ይሄን አንብበው» አለኝ።

አሜሪካ ያለች የአክስቱ ልጅ በቴሌግራም የላከችለት መልእክት ነው። ኦርላንዶ ውስጥ የአንድ ሪዞርት «ሳምንት» በ1 ዶላር ይሸጣል። ሐሳቧ ሳምንቱን ገዝቶ ወደ ነጥብ መቀየር፣ በነጥቡ ዱባይም ሆነ ሌላ አገር ክፍል መያዝ፣ የተረፈውን ደግሞ ማከራየት ነው። ከእሱ የምትፈልገው የመቀየሪያውን ወጪ እንዲጋራት ብቻ ነው። እሱም ለዚህ ያሰበው ባለፈው ሳምንት የደረሰውን ዕቁብ ነበር፤ 180 ሺህ ብር። የስልክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ልከፍትበት ነው ሲለን የከረመው ብር።

«በ1 ዶላር ምን እከስራለሁ?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን 1 ዶላሩ ላይ አይደለም።

ታይምሼር የሚባለው ነገር ለኛ አዲስ አይደለም፤ ከዕቁብ ጋር ይመሳሰላል። አንድ የሪዞርት ክፍል ለብዙ ሰው ይሸጣል፤ እያንዳንዱ ገዢ በዓመት አንድ ሳምንት ተራው ይደርሰዋል። ሐሳቡ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አውሮፓ ውስጥ ተጀምሮ አሜሪካ ሲገባ ትልቅ ኢንዱስትሪ ሆነ። አርሲአይ የተባለው ኩባንያ በ1974 (እ.ኤ.አ.) ሲቋቋም ሥራው የአንዱን ባለ ሳምንት ተራ ከሌላው ጋር ማለዋወጥ ነበር።

ከዕቁብ የሚለየው ግን ዋናው ቦታ ላይ ነው። ዕቁብ ዙሩ ያልቃል፤ ሁሉም ዕጣው ከደረሰው በኋላ ማንም የማንም ባለዕዳ አይደለም። ብዙዎቹ የድሮ የአሜሪካ ታይምሼር ውሎች ግን ማብቂያ የላቸውም። ባለ ሳምንቱ ሄደም ቀረም በየዓመቱ የጥገና ክፍያ ይከፍላል። ጣሪያ ሲቀየር ወይም አውሎ ነፋስ ሪዞርቱን ሲመታ ደግሞ ልዩ መዋጮ ይጠየቃል።

ኢቤይ ላይ ሳምንቶች በ1 ዶላር የሚሸጡትም ለዚህ ነው። ሻጩ መጀመሪያ ከሪዞርቱ ሲገዛ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎበት ሊሆን ይችላል። አሁን ግን አርጅቷል ወይም ታክቶታል፤ የሚፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ከዓመታዊው ሂሳብ መገላገል ነው። ባጭሩ፣ በ1 ዶላር የሚሸጥልህ ንብረቱ ብቻ አይደለም፤ ግዴታውም ነው።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። ዓመታዊ ክፍያው 1 ሺህ ዶላር ነው እንበል፤ አሜሪካ ውስጥ ይሄ የተለመደ መጠን ነው። ለ7 ሌሊት ሲካፈል በሌሊት 143 ዶላር ይመጣል። ሳምንቱን በነፃ ብታገኘው እንኳን ያንኑ ያህል ሆቴል እየከፈልክ ነው፤ ልዩነቱ ሆቴሉን «ዘንድሮ አልመጣም» ማለት መቻልህ ነው። የአውሮፕላን ትኬትና ቪዛ ደግሞ ገና አልተነሱም።

የኛ ችግር በዚህ ላይ ይደመራል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያ ሒሳብ ክፍያው 57 ሺህ ብር ይሆናል። ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው ያው ክፍያ 150 ሺህ ብር ነው። ሪዞርቱ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ማለት ነው። ገቢህ በብር ሆኖ ማብቂያ የሌለው የዶላር ዕዳ መግባት ይሄ ነው።

ወደ ነጥቡ እንምጣ። ነጥብ ጥቅም የለውም አልልም። ቋሚ ሳምንት ያለው ሰው ከቀኑ ጋር ታስሯል። ፍቼ ጨምበላላን አስቡ። የሲዳማ አያንቶዎች ከዋክብትን አይተው ነው ቀኑን የሚወስኑት፤ በየዓመቱ አንድ ቀን ላይ አይውልም። ሐዋሳ ላይ «25ኛው ሳምንት» የሚል ቋሚ ተራ የገዛ ሰው በዓሉ ሊያመልጠው ይችላል። ነጥብ ያለው ግን ቀኑን ይመርጣል።

ግን ነጥብ ምንድነው? አሳታሚው ራሱ ሻጩ የሆነ ገንዘብ ነው። ሳምንት ሁልጊዜ 7 ሌሊት ነው። ለአንድ ሌሊት ስንት ነጥብ እንደሚያስፈልግ ግን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ፕሮግራሙ ነው፤ ሰው በሚሻማበት በዓል ዋጋው ከፍ ይላል። በዕቁብ ብታስቡት፣ ዕጣው ምን ያህል እንደሚገዛ ዳኛው እንደፈለገ የሚቀይርበት ዕቁብ ነው።

የሁለተኛ እጅ ገዢ ደግሞ ሌላ ግድግዳ አለበት። ማሪዮት በ2010 (እ.ኤ.አ.) የነጥብ ፕሮግራሙን ሲጀምር ከዚያ በኋላ ከሦስተኛ ወገን የተገዙ ሳምንቶች በጥቅሉ እንዳይገቡ አድርጓል። ዊንድሃም የሌላ ሪዞርት ሳምንትን ወደ ነጥብ የሚያስገባበት መንገድ አለው፤ ግን መጀመሪያ ከራሱ ከኩባንያው አዲስ ነጥብ መግዛት ይጠይቃል። የ1 ዶላሩ ሳምንት መግቢያ ነው፤ ትልቁ ሂሳብ ውስጥ ይጠብቃል። የጓደኛዬ «የመቀየሪያ ወጪ» ይሄ ነበር።

ማንም አይጠቀምም ማለቴ አይደለም። አሜሪካ የሚኖር፣ በዶላር የሚከፈለው፣ ልጆቹን ይዞ በየዓመቱ አንድ ቦታ የሚሄድ ቤተሰብ ከሪዞርቱ በውድ ከሚገዛ ሁለተኛ እጅ ቢገዛ ይሻለዋል። ሐዋሳ ላለ የ26 ዓመት ልጅ ግን ሂሳቡ አይመጣም።

ይሄ የአሜሪካ ወሬ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት ነበር። እዚህም «በዓመት አንድ ሳምንት የሪዞርት ባለቤት ይሁኑ» የሚሉ ማስታወቂያዎችን አይተናል። የእኛ ሐይቅ ዳርም ለዚህ ንግድ የሚመች ቦታ ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቹን ከአሁኑ እንያዝ።

አንደኛ፣ የሚሸጥልኝ የንብረት ድርሻ ነው ወይስ አባልነት? የንብረት ድርሻ ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲሆን ይጠይቃል። «ደረሰኙ ይበቃል» የሚል ሻጭ ካለ ባለቤትነት እየሸጠልህ አይደለም። ሁለተኛ፣ ዓመታዊ ክፍያው ጣሪያ አለው? ሦስተኛ፣ መውጣት ብፈልግ መቼና እንዴት እወጣለሁ? አራተኛ፣ ሰው ካመጣህ ኮሚሽን አለህ ከተባልክ ተነሥተህ ሂድ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር በቂ መረጃ የማግኘት መብት ሲሰጠው፣ ፒራሚዳዊ ሽያጭን ደግሞ ከልክሏል።

ከመንግሥት ደግሞ አንድ ነገር እንጠይቅ፤ የማሰቢያ ጊዜ። ፍሎሪዳ ውስጥ ታይምሼር ከአልሚው የገዛ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ውሉን መሰረዝ ይችላል፤ በአውሮፓ ኅብረት 14 ቀን ነው። እነዚህ አገሮች ይሄን የደነገጉት ሰው በነፃ ምሳና በስጦታ ተከቦ ሲፈርም ምን እንደሚሆን አይተው ነው። እኛ ጋ ንግዱ ሳይስፋፋ ሕጉ ቢቀድም ይሻላል። እስከዚያው ውሉ ላይ «በ14 ቀን ውስጥ ብሰርዝ ገንዘቤ ይመለሳል» የሚል አንቀጽ አስጽፉ። እምቢ ካላችሁ፣ እሱም መልስ ነው።

ጓደኛዬን ምንም አታድርግ አላልኩትም። የአክስቱን ልጅ አንድ ነገር ብቻ እንዲጠይቃት ነገርኩት፤ ውሉ የሚያበቃው መቼ ነው? ማታ ላይ መልሷን አስተላለፈልኝ። ውሉን ደግማ አንብባዋለች፤ ማብቂያ ቀን የለውም። እሷም መግዛቱን ትታዋለች።

ሰኞ ሱቅ የሚከራይ ቦታ ለማየት አብረን እንሄዳለን።