ክረምት የሚያወጣው ገንዘብ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ገንዘብ ነው። ወር ሳይሞላ ከኪሳችሁ ስለሚያልቀው ስለ ደመወዙ ገንዘብ ግን አይደለም፤ ስለዚያ ከጀመርሁ ይህ ገጽ አይበቃኝም። የማወራችሁ ከሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ ከአፈር በታች ተኝቶ ቆይቶ፥ አንድ ቀን ከሐምሌ ዝናብ በኋላ በትልም ዳር ብቅ ስለሚለው ገንዘብ ነው።

አክሱም የተወለዳችሁ ወይም በሥራ የኖራችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ገበሬው ዝናቡ ሳይጠና መሬቱን ደጋግሞ ያርሳል፤ ማረሻውም ከሥር የነበረውን አፈር ወደ ላይ ያወጣዋል። ቀጥሎ ክረምቱ ይገባል። ኃይለኛ ዝናብ በወረደ ቁጥር የላመውን አፈር ጠርጎ ይወስድና ጠጠሩን፥ ገሉንና የብርጭቆውን ስብርባሪ በቦታው ይተወዋል። ከጠጠሩ መካከል አንዳንድ ጊዜ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል፥ አረንጓዴ ዝገት የለበሰች ክብ ነገር ትገኛለች። ለእንግዳ ሰው ከጠጠሩ የምትለይ አይደለችም። ከብት የሚጠብቁት ልጆች ግን ዓይናቸው ሠልጥኗል፤ ዝናቡ እንዳባራ ጎንበስ ብለው በፈፋው ዳር ይሄዳሉ፤ ያገኙትንም በመዳፋቸው ይዘው ለጐብኚ ያሳያሉ። ከከተማው በስተ ምዕራብ፥ በዱንጉር ፍርስራሽ ፊት ለፊት ያለው የጉዲት ሐውልቶች መስክ የሚታረስ የእርሻ መሬት ነው። በሐውልቶቹ መካከል እህል ይበቅላል፤ እህሉ የሚበቅለውም በጥንት ሰዎች መቃብር ላይ ነው።

የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንሥቶ እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት ድረስ በወርቅ፥ በብርና በነሐስ ገንዘብ አሠርተዋል። በዚያ ዘመን በገዛ ስም የወርቅ ገንዘብ ማሠራት የማንም መንግሥት አቅም አልነበረም። ስሙ በቅድሚያ የሚገኘው ንጉሥ እንዱቢስ ነው። በእርሱ ገንዘብ ላይ በግሪክ ፊደል «ባሲሌውስ አክሶሚቶን» የሚል ተጽፏል፤ የአክሱማውያን ንጉሥ ማለት ነው። ጽሕፈቱ በግሪክኛ የሆነው ወርቁ ባሕር ተሻግሮ ከባዕድ ነጋዴ ጋር የሚገናኝ ስለ ነበረ ነው። በገንዘብ ላይ በግዕዝ ማስጻፍ የጀመረው ወዜባ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግዕዙ በነሐሱና በብሩ ላይ፥ በአገር ቤት ገበያ በሚዞረው ላይ ቀስ በቀስ ሥፍራውን ያዘ።

ስለ ዒዛና ገንዘብ ጥቂት ልቆይ። በፊተኞቹ ገንዘቦቹ ላይ ከንጉሡ ራስ በላይ ጨረቃና ክብ ምልክት ተቀርጾ ይታያል፤ ይህ የአሮጌው እምነት ምልክት ነው። በኋለኞቹ ላይ ግን ጨረቃው ጠፍቶ መስቀል ገብቷል። ንጉሡም ያው፥ አገሩም ያው፤ የተለወጠው ምልክቱ ብቻ ነው። ክርስትና በአክሱም ቤተ መንግሥት መቼ ገባ እየተባለ ብዙ ቀለም ፈሷል። ይህች ከሁለት ግራም እምብዛም የማትበልጥ ወርቅ ግን በዘመኑ በንጉሡ ትእዛዝ የተሠራች ምስክር ናት፤ ኋላ በመጣ ጸሐፊ እጅ አልተገለበጠችም። ስሙ ያልተጻፈ ንጉሥ ያሠራው አንድ የነሐስ ገንዘብም አለ፤ በጀርባው በግሪክኛ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተጽፎበታል። በመጨረሻው ዘመን ደግሞ ንጉሥ አርማሕ በዙፋኑ ተቀምጦ በሚታይበት ነሐስ ላይ «ፍሥሐ ለይኩን ለአሕዛብ» የሚል የግዕዝ ቃል እናገኛለን። ከእነዚህ ነሐሶች በአንዳንዶቹ ላይ በመስቀሉ ወይም በንጉሡ ራስ ዙሪያ ቀጭን የወርቅ ቅብ አለ። ይህ የአክሱም አንጥረኞች ጥበብ ነው፤ በሌላው አገር ገንዘብ ላይ የተለመደ አይደለም። ስለዚህ ያገኛችሁትን አረንጓዴ ነገር በሎሚና በአመድ መፈተግ ማለት ወርቁን በገዛ እጅ ማጠብ ማለት ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው ልምጣ። ወጣቶች በውጭ አገር ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያዩታል፤ ረጅም ዘንግ፥ ከጫፉ ላይ ምጣድ የመሰለ ክብ ነገር፥ በጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ። ሜታል ዲቴክተር ይሉታል። አሠራሩ ይህን ያህል ምሥጢር አይደለም። በክቡ ውስጥ የተጠመጠመ ሽቦ አለ፤ በሽቦው ውስጥ አቅጣጫውን ቶሎ ቶሎ የሚለዋውጥ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ኤሌክትሪኩም በዙሪያው የማግኔት ኃይል ይፈጥራል። ኃይሉ ከመሬት በታች ማዕድን ሲያገኝ በማዕድኑ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያስነሣል፤ ይህም በተራው የራሱን የማግኔት ኃይል መልሶ ይልካል። መሣሪያው ይህን መልስ ሰምቶ ይጮኻል። ከሁሉ አስቀድሞ ስሙ የሚነሣው የስልኩ ሰው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት በተመቱ ጊዜ ጥይቱን ከሰውነታቸው ውስጥ ለመፈለግ ይህን የመሰለ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን አላገኘውም፤ ፕሬዚዳንቱም አልዳኑም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፖላንዳዊው መኰንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ የተቀበረ ፈንጂ የሚፈልግ መሣሪያ ሠራ፤ በኤል አላሜይን ጦርነትም በበረሃው ውስጥ ለወታደሮች መንገድ ለመክፈት አገለገለ። ዛሬ ሰው ለመዝናኛ የሚይዘው ዘንግ የዚያ ዘመድ ነው።

መዝናኛነቱ በእንግሊዝ አገር በጣም ተስፋፍቷል፤ የሚደምቀውም በክረምት ነው። የእነርሱ ክረምት ግን እንደኛ የዝናብ ወራት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ውርጭ ነው። እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው ባዶ ይሆናል፤ ሰውዬውም ጓንት አድርጎ፥ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የጎማ ጫማ ተጫምቶ፥ ቅዳሜና እሑድ በጭቃው ላይ ሲመላለስ ይውላል። መሬቱ በረዶ በያዘው ቀን አካፋው አይገባም፤ በኃይል የቈፈረ እንደ ሆነ ገንዘቡን በስለቱ ይቈርጠዋል። ባትሪውም በብርድ ቶሎ ይደክማል። ቀኑን ሙሉ ደክሞ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ምስማር፥ የጠርሙስ ክዳንና የካፖርት ቁልፍ ነው። እንግሊዞች ግን ይህን ይወዱታል፤ ከሻይ ጋር ሲሆንማ ይብሱን።

በኅዳር 1985 ዓ.ም. በሰፎክ ግዛት፥ ሆክሰን በምትባል መንደር አንድ ገበሬ መዶሻ ጠፋበት። አንድ ወዳጁ ጡረታ ሲወጣ በስጦታ ያገኘው ዲቴክተር ነበረውና መዶሻውን እንዲፈልግለት ለመነው። ሰውዬው ሲፈልግ መሣሪያው ጮኸ፤ ቢቈፍር የብር ማንኪያና የወርቅ ገንዘብ ወጣ። ልብ አድርጋችሁ ስሙ፤ ይህ ሰው ሁሉንም ለማውጣት አልቸኰለም። መቈፈሩን አቁሞ ለባለሥልጣኖች አስታወቀ። በማግሥቱ የታሪክ ቈፋሪዎች መጥተው በጥንቃቄ አወጡት። የተገኘው ከ14,800 በላይ የሮማውያን ገንዘብና ወደ ሁለት መቶ የሚጠጋ የወርቅና የብር ዕቃ ነበር። ከቦታው ሳይነቃነቅ በመውጣቱ ሣጥኑ ከወይራ ሳይሆን በዚያ አገር ኦክ ከሚባለው ዛፍ እንደ ተሠራ፥ በውስጡም ትንንሽ ሣጥኖች እንደ ነበሩ፥ ዕቃው በምን እንደ ተጠቀለለ ጭምር ታወቀ። ከገንዘቡ መካከል የመጨረሻዎቹ እ.ኤ.አ. በ407 እና በ408 የተሠሩ በመሆናቸው፥ ሀብቱ የተቀበረው የሮም አገዛዝ ከዚያች ደሴት በሚነቀልበት ሰሞን ወይም ጥቂት ቈይቶ መሆኑ ተገለጸ። ለአገኘው ሰው 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰጠው፤ እርሱም ከገበሬው ጋር ተካፈለ። መዶሻውም ተገኝቷል፤ ዛሬ ከወርቁ ጋር በብሪቲሽ ሙዚየም ነው።

ይህን ታሪክ የነገርኋችሁ ስለ ገንዘቡ ብዛት አይደለም። የእኛም ገንዘብ በብዛት የተገኘበት ጊዜ አለ፤ የተገኘው ግን ከባሕር ማዶ ነው። በየመን አል መዳሪባ በተባለ ቦታ 326 የአክሱም የወርቅ ገንዘብ ከ868 የሮም ወርቅ ጋር ተቀላቅሎ ተገኝቷል። የአክሱሙ ወርቅ እስከ ዐፄ ካሌብ ዘመን ይደርሳል። ሁለቱ በአንድነት መቀመጣቸው የእኛ ወርቅ ከሮም ወርቅ ጎን እንደ ሀብት ይቈጠር እንደ ነበረ ያሳያል። ያ ክምችት ተበትኖ እያንዳንዱ ለየሻጩ ቢደርስ ኖሮ ግን 326 ቆንጆ ወርቆች ይኖሩን ነበር እንጂ ይህን ነገር አናውቅም ነበር። በመጠራ ቈፋሮም በአንድ የነሐስ ዕቃ ውስጥ 14 የሮም የወርቅ ገንዘቦች ከሌላ የወርቅ ጌጥ ጋር ተገኝተዋል፤ እነርሱም የሚናገሩት አብረው ስለ ተገኙ ነው።

ገንዘብ ብቻውን ሲሆን እንደሚያታልል ከፈለጋችሁ የአያቶቻችንን ማርትሬዛ ብር ተመልከቱ። ሁሉም 1780 ይላል። ንግሥቲቱ ከሞቱ ከመቶ ዓመት በኋላ የተመታውም፥ ከዚያም ወዲህ የተመታው ያንኑ ቍጥር ይዟል። አንድ ሰው በፈረሰ ቤት መሠረት ሥር እንስራ ሙሉ ማርትሬዛ ቢያገኝ፥ መቼ እንደ ተቀበረ የሚነግረው በላዩ የተጻፈው ዓመት አይደለም፤ እንስራው፥ አፈሩ፥ ከጎኑ ያለው ዕቃ ነው። የአክሱሙ ገንዘብ ደግሞ ከነጭራሹ ዓመተ ምሕረት የለበትም። በየአገሩ ሙዚየምና በየሀብታሙ መሳቢያ ካለው መካከል ብዙው ከየትኛው ማሳ እንደ ወጣ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ አንዳንዶቻችሁ፥ እንግሊዙ የሚያደርገውን እኛስ ለምን አናደርግም፥ መሣሪያ ገዝተን ወደ አክሱም እንሂድ ትሉ ይሆናል። በመጀመሪያ ሕጉ አይፈቅድም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቍጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቈፈርን ይከለክላል፤ ሳያስበው ያገኘ ሰውም ሳይነካካ ጠብቆ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ሁለተኛም በእኛ ክረምት ማሳው ባዶ አይደለም። እንግሊዙ በባዶ መሬት ይሄዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ዘንግ ይዞ በአክሱም ማሳ የሚገባ ሰው የሚረግጠው የገበሬውን ቡቃያ ነው። የደጋው አፈርም ብረት ስለሚበዛበት መሣሪያው ያለ ምክንያት ሲጮኽ ይውላል።

ከሁሉ የሚከፋው ሌላ ነው። በትግራይ ምድር ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ሳይፈነዳ የቀረ ጥይት፥ ቦምብና ፈንጂ በየማሳው ወድቋል። መሣሪያው ንጉሥ ዒዛናን ከቦምብ አይለይም፤ ለሁለቱም ይጮኻል። ክረምቱም ሁለቱንም ከአፈር ያወጣል። ብረት የሚያነሣው እረኛ ልጅ ነው። አስተማሪዎች የሆናችሁ ወይም ልትሆኑ የምታጠኑ፥ ተማሪዎቻችሁን ስለ አክሱም ገንዘብ በምታስተምሩበት ቀን ይህንንም ጨምራችሁ ንገሩ፤ የማያውቁትን ብረት እንዳይነኩ፥ በድንጋይ እንዳይመቱ፥ ቦታውን አይተው ለአዋቂ እንዲናገሩ።

በቅንነት ልናገርና፥ ገንዘቡን ለጐብኚ በሚሸጠው ልጅ ላይ መፍረድ ቀላል አይደለም። ጐብኚው በዚያው ሰዓት ይከፍለዋል። መንግሥት ወሮታ ይሰጣል ተብሎ በሕጉ ተጽፏል፤ ነገር ግን ገበሬው ከማሳው ተነሥቶ ወደ ወረዳ የሚሄድበት የሥራ ቀን ይባክናል፤ ደርሶም «ኃላፊው የለም፥ ነገ ተመለስ» ከተባለ ሁለተኛ አይመጣም። በሚቀጥለው ጊዜ ያገኘውን ለአንጥረኛ ይሰጣል። አንጥረኛውም ቢያቀልጠው የሚያገኘው ለሕፃን ጉትቻ የሚሆን ወርቅ ነው፤ ነሐስ ከሆነ ያንንም አያገኝም።

ስለዚህ ነገሩ የሚወሰነው በማሳው ላይ ብቻ አይደለም፤ በጠረጴዛም ላይ ነው። ያም ጠረጴዛ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ የተቀጠረ ጸሐፊ ወይም ባለሙያ የሚቀመጥበት ነው፤ እናንተ ማለት ነው። አንድ ሰው በጨርቅ ቋጥሮ ይዞ ቢመጣ ተነሥታችሁ ተቀበሉት፤ ወንበርም ስጡት። ገንዘቡን አትጠቡ፥ አትፈትጉ፤ አፈሩ ያለበትን እንዳለ በደረቅ የደብዳቤ ፖስታ ውስጥ አስገቡት። እርጥብ ሆኖ በላስቲክ ከታሸገ ነሐሱን አረንጓዴ ዱቄት ይበላዋል። ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ እያንዳንዱን ለየብቻ አድርጉ። በፖስታው ላይ ገንዘቡ የተገኘበትን ቀን፥ የማሳውን ስም፥ ከየትኛው ዛፍ ወይም ፈፋ በስንት እርምጃ እንደ ሆነ፥ በማረሻ ወጥቶ ወይም በዝናብ ታጥቦ መታየቱን ጻፉ። ገበሬው ይህን ሁሉ ያውቀዋል፤ የጠየቀው ሰው የለም እንጂ። ከዚያ በኋላ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ስጡት፤ የወሮታውንም ጥያቄ በዚያው ቀን ወደ ቅርስ ባለሥልጣን በደብዳቤ አስተላልፉ፤ የደብዳቤውን ቍጥር በደረሰኙ ላይ ጻፉለት። ስሙን ስትጽፉ እስከ አያቱ ድረስ ጻፉ፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስንት ገብረ መድኅን እንዳለ ታውቃላችሁ።