በበረዶ ላይ መጫወት ኃጢአት ነው ወይ?

በዋግ ደጋ «በረዶ» ሲባል ጨዋታ ትዝ የሚለው ሰው የለም። ገብሱ ለእሸት ሲደርስ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወርዶ የዓመቱን ልፋት ጭቃ የሚያደርገው ነው በረዶ። ቋንቋችን ደግሞ በዚህ በኩል ቆጣቢ ነው፤ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም፣ በሰው አገር እንደ ጥጥ የሚዘንበውንም በአንድ ስም እንጠራዋለን። የመጽሐፍ ቅዱሳችን ተርጓሚዎች ለዚህ ለሦስተኛው አንዳንድ ቦታ «አመዳይ» የሚል ቃል ተጠቅመዋል። በኢሳይያስ 1፥18 ኃጢአታችን የሚነጻው እንደ አመዳይ ነው። ሰቆጣ ቆሞ ይህን ክፍል የሚሰብክ አገልጋይ፣ አብዛኛው ሰሚ በዓይኑ አይቶት በማያውቀው ነጭነት ስለ ይቅርታ ይናገራል።

ይህን የማነሣው ከዴንቨር በደረሰኝ ጥያቄ ምክንያት ነው። አራት ወጣቶች ናቸው፤ ሁለቱ የሰቆጣ ልጆች፣ አንዱ ከአምደ ወርቅ፣ አንዷ አዲስ አበባ ያደገች፣ እናቷ ግን የዋግ ሰው። በአንድ የጸሎት ኅብረት ይገናኛሉ። በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ተነሥተው ብሬከንሪጅ ወደሚባለው የተራራ መዝናኛ ሄዱና ስኖውቦርድ የሚሉትን የበረዶ ሸርተቴ ሲጫወቱ ዋሉ። የኅብረቱ አምስተኛ ጓደኛ ግን አልሄደም። «እናቴ የእርዳታ ስንዴ ተሰልፋ እኔ በረዶ ላይ ልንሸራተት?» ብሎ በዋትሳፕ ግሩፓቸው ጻፈ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅትም። አንዱ ተቀየመ፣ አንዷ አለቀሰች፣ ፎቶው ለቤተ ሰብ እንዳይታይ ተስማሙ፣ ኅብረቱም ሁለት ሳምንት ሳይሰበሰብ ቀረ። በመጨረሻ ደወሉልኝ፦ «ፓስተር፣ ኃጢአት ሠርተናል ወይ? ካልሠራንስ ለምንድን ነው የምንደብቀው?»

ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው የበለጠ ነው። ግን ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጨዋታው ራሱ ምንም የሚያስፈራ ታሪክ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1965 በገና ቀን፣ በአሜሪካ ሚሺጋን፣ ሸርማን ፖፐን የተባለ አባት ሁለት የበረዶ ሸርተቴ እንጨቶችን ጎን ለጎን አስሮ ለሴት ልጆቹ መጫወቻ ሠራላቸው። ዛሬ ስኖውቦርድ የምንለው ነገር አንዱ ሥር ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በናጋኖ ኦሎምፒክ ገባ። «በረዶ የሐበሻ ነገር አይደለም» ለሚለውም መልስ አለ፤ አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የሄደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በበረዶ ላይ ተወዳድሯል።

እንዲያውም አመዳይ ለዋግ ሰው ከሚመስለው በላይ ቅርብ ነው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ክርስቲያን ነጋዴ በአዱሊስ ከነበረ የድንጋይ ዙፋን ላይ አንድ የአክሱም ንጉሥ ያስጻፈውን ገልብጦ አቆይቶልናል። ንጉሡ ከወንዝ ማዶ ባለው በስሜን ስላደረገው ዘመቻ ይናገራል፤ ሊቃውንት ወንዙ ተከዜ ነው ይላሉ። በዚያ ተራራ ሠራዊቱ እስከ ጉልበቱ በአመዳይ ይሰምጥ እንደ ነበር ተጽፏል። ተከዜን ተሻግሮ ማለት እኮ ከዋግ ፊት ለፊት ማለት ነው። ራስ ዳሸን ወደ 4,550 ሜትር ይደርሳል፤ በኮሎራዶ ከሁሉ የሚበልጠው ኤልበርት ተራራ 4,401 ነው። የእኛው ይበልጣል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን እንጂ ከፍታ አላነሰንም። ሰቆጣ ራሷ ከዴንቨር በብዙ መቶ ሜትር ትበልጣለች፤ ልጆቹም ብሬከንሪጅ ላይ ሌላው ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው እኛ ምንም አልሆንንም ብለው ኮርተውብኛል። ይህቺን ኩራት ጌታ ይቅር ይላታል ብዬ አስባለሁ።

አንድ ጊዜ ለአገልግሎት እዚያ አገር ሄጄ በተራራ ግርጌ ቆሜ ይህን ጨዋታ አይቻለሁ። ጀማሪው ሁለት እግሩ በአንድ ሳንቃ ላይ ታስሮ ይቆማል፣ ይወድቃል፣ ተቀምጦ ይቆያል፣ የአምስት ዓመት ሕፃን በአጠገቡ ሽው ብሎ ያልፋል። እጁን አስቀድሞ የወደቀ አንጓው ይጎዳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚማሩት አወዳደቅ ነው። ከዚህ ስብከት እንዳወጣ የምትጠብቁ ካላችሁ ተዉት፤ አገልጋዮች ያየነውን ሁሉ ምሳሌ ስናደርግ ነገሩን ራሱን ማየት እየተውን ነው። እኔ ያየሁት ወጣቶች ሲስቁ ነው። የለመደው ወደ ታች ወርዶ አይሄድም፤ ያልለመደው እስኪነሣ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭን የሚያድር የስደት ልጅ እንዲህ ሲስቅ ማየት ለእረኛ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ የአምስተኛው ልጅ ጥያቄ በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። የአንድ ቀን የመውጫ ቲኬት በቦታው ከተገዛ ከ200 ዶላር ሊበልጥ ይችላል። የሳንቃውና የጫማው ኪራይ፣ የአስተማሪው ዋጋ ሲጨመርበት በሰቆጣ ገበያ ምን እንደሚገዛ እሱ ያውቃል። በ2016 ዓ.ም. ድርቁ ሳህላን፣ ዝቋላንና አበርገሌን እንዴት እንዳደረገ ያውቃል። ከዚያ በፊት ጦርነቱ በዋግ ሲያልፍ ከአበርገሌ ተፈናቅሎ ሰቆጣ የገባውን ሕዝብ ያውቃል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ የተሰየመው በከንቱ አይደለም፤ የከተማችን ስም ከረሃብ ጋር እንዲነሣ ሆኖ ቆይቷል። እንግዲህ የዚህ ቦታ ልጅ ቲኬቱን ሲያይ እጁ ቢያጥርበት ማን ይፈርድበታል?

ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ ወደ ቢታንያ እንሮጣለን። በዮሐንስ 12 ማርያም የ300 ዲናር ሽቱ በጌታ እግር ላይ ስታፈስስ ይሁዳ ስለ ድሆች ተናገረ፤ ወንጌላዊውም ልቡ ምን እንደ ነበረ ገልጦብናል። ነገር ግን ይህን ክፍል በዚህ ልጅ ላይ መወርወር ግፍ ነው። ይሁዳ ድሆችን የሚያውቃቸው በአፉ ነበር፤ ይህ ልጅ በየወሩ ከደመወዙ ቆርሶ ይልካል። አራቱ ደግሞ ጨዋታቸውን ከማርያም ሽቱ ጋር እኩል ካደረጉ ድፍረት ይሆናል፤ እሷ ያፈሰሰችው በጌታ ላይ ነው፣ እነርሱ የተንሸራተቱት ለራሳቸው ደስታ ነው። ጌታ ስለ ድሆች ሁልጊዜ መኖር የተናገረውም ቃል እጅን ለመሰብሰብ ፈቃድ አይደለም። ቃሉ ዘዳግም 15፥11ን ያስታውሳል፤ እዚያ ቀጥሎ ያለው ትእዛዝ ደግሞ እጅህን ለወንድምህ ክፈት የሚል ነው። ግማሹን ብቻ የምንጠቅሰው ግማሹ ስለሚመቸን ነው።

እኔ ለልጆቹ ያነበብኩላቸው ነህምያ 8ን ነው። ሕዝቡ ከምርኮ ተመልሷል፣ ቅጥሩ ተሠርቷል፣ የሕጉ መጽሐፍ ሲነበብ ሁሉም ያለቅሳል። አገልጋዮቹ ግን አታልቅሱ አሏቸው፤ የሰባውን ብሉ፣ ጣፋጩን ጠጡ፣ ምንም ላልተዘጋጀለትም ድርሻውን ላኩለት። እነዚህ ሀብታሞች እንዳይመስሉን፤ ሦስት ምዕራፍ ወደ ኋላ ብንሄድ ከረሃብ የተነሣ እርሻቸውንና ቤታቸውን ለእህል መያዣ ሲሰጡ እናገኛቸዋለን። ለእነዚህ ሰዎች ነው ደስ ይበላችሁ የተባለው። ደስታውና ድርሻው የተነገሩት በአንድ ትንፋሽ ነው፤ መጀመሪያ ድሃ በሙሉ ይጥገብና ከዚያ ትስቃላችሁ አልተባሉም። ድርሻውን ሳትልኩ ብሉም አልተባሉም።

ስለ ጨዋታ ደግሞ ዘካርያስ 8፥5 አለ። እግዚአብሔር የፈረሰችውን ኢየሩሳሌምን እንደሚመልሳት ሲናገር ከሰጣቸው ምልክቶች አንዱ በአደባባይዋ የሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ናቸው። ይህ ለዋግ ሰው ትርጓሜ አያስፈልገውም። በሰቆጣ ነሐሴ ሲጋመስ የሻደይ ልጃገረዶች ወገባቸው ላይ ቄጠማውን አስረው ሲወጡ፣ ጥሩ ዘመን መሆኑን ሽማግሌው ከቤቱ ሆኖ ያውቃል። በታኅሣሥ መጨረሻ ሜዳው ላይ የገና ዱላና ሩር ሲጋጩም እንዲሁ፤ በዚያ ቀን ጌታም ከሎሌው ጋር ሲጫወት አይቆጣም ይባላል። (ስለ ሻደይ በወንጌላውያን መካከል ያለውን ክርክር አውቃለሁ፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።) ጦርነት መጀመሪያ የሚወስደው ይህን ነው። እንግዲያውስ ከጦርነት አምልጦ የወጣ ልጅ በሰው አገር ተራራ ላይ ሲጫወት ሰይጣን ያሸነፈበት ቀን አድርገን የምናየው ለምንድን ነው?

በደል የመሰለን ስሜት ሁሉ ደግሞ ርኅራኄ አይደለም። ልጁ ቲኬቱን ባለመግዛቱ ያተረፈው 200 ዶላር ወደ ሰቆጣ ሄዶ እንደ ሆነ ጠየቅሁት። ሄዷል፤ እናቱ ስንዴና ዘይት ገዝተውበታል። ለእንደዚህ ያለው ሰው አለመሄዱ መልካም ነው፤ ሮሜ 14 የተጻፈው ለእሱም ነው፣ ለጌታ ብሎ የተወ ይተው፣ የሄዱትን ግን አይናቅ። ያልሄደውም ያልላከውም ሰው ቢኖር ግን ሐዘኑ ማንንም አላበላም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ መደበቁ ከጨዋታው ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው። በውጭ ያሉ ልጆቻችን ለቤት ሁለት ዓይነት ሕይወት ይልካሉ። አንዱ ሁልጊዜ ድካም፣ ሁልጊዜ ብርድ፣ ሁልጊዜ ኪራይ ነው፤ ሌላው ከጓደኛ ጋር ብቻ የሚታይ ነው። እናት ልጇ የሳቀበትን ቀን ካላወቀች ስለ ማን ነው የምታመሰግነው? ደግሞስ አገር ቤት ያለ ወንድም ድካሙን ብቻ እየሰማ አንድ ቀን ፎቶውን በሌላ ሰው ስልክ ላይ ቢያገኘው፣ ያን ጊዜ የሚጎዳው በረዶው አይደለም፣ ውሸቱ ነው። ስለዚህ ፎቶውን ላኩ፣ ዋጋውንም ከጠየቁ አትዋሹ፣ ድርሻውንም ከዚያው ቀን አትለዩት አልኳቸው። የሚመጣው ዓመት መሄድ ከፈለጉ ደግሞ የወቅቱን ቲኬት ቀደም ብሎ መግዛት በእጅጉ ይረክሳል፤ ልዩነቱ ለማን እንደሚሄድ አምስቱ አብረው ይወስኑ፣ ያልሄደውም ጭምር።

ኅብረቱ በሦስተኛው ሳምንት ተሰበሰበ። ከሰቆጣዎቹ አንዱ ለእናቱ ፎቶውን ላከ። እኚህ እናት ዕድሜያቸውን በሙሉ በፍየልና በበሬ መካከል የኖሩ ናቸው። ልጃቸውን በቀይ ጃኬት፣ ከኋላው እስከ ጫፉ የነጣውን ተራራ ለረጅም ጊዜ አዩት አሉ። ስለ ገንዘቡ አልጠየቁም። በስልክ ያሉት «ልጄ፣ ደስ ብሎሃል፣ ተመስገን። ግን በዚህ ተራራ ከብቱ ምን ይበላል?» ነበር።