ሚያዝያ 18ን እንዴት እናስታውስ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ሚያዝያ 18 በቀረበ ቁጥር ሁለት ዓይነት ምክር እንሰማለን። አንዱ «ተዉት፣ ቁስሉን አትነካኩት፣ ለሰላም ሲባል ዝም በሉ» ይለናል። ሌላው ደግሞ «እንዴት ይረሳል!» እያለ በቴሌግራም የደም ምስል ያዘንብብናል። እኔ ሁለቱም አይበጁንም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ዘንድሮ አዲስ ለገባችሁ ተማሪዎች በአጭሩ ላስታውሳችሁ። ቀኑ ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ነበር። ረመዳን የመጨረሻዎቹ አስር ቀናት ውስጥ ገብቷል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ፋሲካን ካከበሩ ገና ሁለት ቀናቸው ነው። በጎንደር ከተማ የአንድ የተከበሩ አዛውንት ሼኽን ጀናዛ ሊሸኝ የወጣ ሕዝብ ጥቃት ደረሰበት። በወቅቱ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበሩት ሚሼል ባችሌት ባወጡት መግለጫ፣ በጎንደር ቢያንስ 30 ሰዎች መገደላቸውን፣ ከ100 በላይ መቁሰላቸውን፣ ሁለት መስጂዶች መቃጠላቸውንና ሌሎች ሁለት በከፊል መውደማቸውን የሚገልጽ መረጃ እንደደረሳቸው ተናግረዋል። የጠቡ መነሻም በመስጂድና በቤተ ክርስቲያን መካከል ባለ የመቃብር ቦታ ይዞታ ላይ የተነሣ ክርክር እንደነበር መነገሩን ጠቅሰዋል።

ያ መግለጫ ግን እዚህ ላይ አላበቃም። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 20፣ በስልጤ ዞን ለጎንደሩ አጸፋ በሚመስል ሁኔታ ክርስቲያኖች መገደላቸውንና አምስት አብያተ ክርስቲያናት መቃጠላቸውንም ይዟል። የመጀመሪያውን አንቀጽ ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። ሁለተኛውን ግን ስንቶቻችን እናነሣዋለን?

ባለፈው ዓመት በዚሁ ሰሞን አንድ ክርስቲያን የዶርም ጓደኛዬ «እስከ መቼ ነው የምትቆፍሩት? ያለፈ አለፈ» አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። በረመዳን ለሱሑር የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው። ስለዚህ አልተቆጣሁም፤ መልሼ ጠየቅኩት። «በሊቢያ የታረዱትን ወንድሞቻችንን ቤተ ክርስቲያናችሁ ሰማዕታት ብላ ስታስባቸው እኔ መጥቼ ያለፈ አለፈ ብልህ ምን ይሰማሃል?» አልኩት። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «ልክ ነህ፤ ግን እናንተ ስታስታውሱ እኔን እንደ ገዳይ የምታዩኝ ይመስለኛል» አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሁለታችንም እውነት ተናግረን ነበርና።

ከሱ ንግግር ልጀምር። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ራሱን «እስላማዊ መንግሥት» ብሎ የሚጠራው ቡድን በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ገድሎ ግድያውን በቪዲዮ ለቀቀ። ኢትዮጵያዊው ሙስሊም ከክርስቲያን ወገኑ ጋር አዘነ፤ ድርጊቱንም አወገዘ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ። ተገቢ ነበር። ያኔ ማንኛችንም በዚያ ቡድን ሥራ መጠየቅ አልፈለግንም፤ ቡድኑ በስማችን ስለነገደ እኛ ተጠያቂ አንሆንምና። ታዲያ ለራሳችን የጠየቅነውን ፍትሕ ለዶርም ጓደኛዬ እንዴት እንከለክለዋለን?

ታሪካችንም ቢሆን ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር ለማንም አይመችም። በ17ኛው መቶ ዘመን በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ጊዜ የጎንደር ሙስሊም ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲኖር ተወሰነበት። አዲስ ዓለም የሚባለው የሙስሊሞች ሰፈር ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ከሱዳን የመጡት መሐዲስቶች ጎንደርን ገብተው አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከዚያ ቃጠሎ መትረፏን አስጎብኚው ሁሉ ይናገራል። የአዲስ ዓለም ሸማኔ የልጅ ልጅ ለመሐዲስቶቹ እሳት መልስ መስጠት አለበት? የለበትም። የዛሬው ክርስቲያን ተማሪም ለሚያዝያ 18 በሃይማኖቱ ምክንያት መልስ መስጠት የለበትም። ትዝታችን ጥፋትን በሃይማኖት የሚያከፋፍል ከሆነ፣ ዞሮ ዞሮ የሚበላው እኛንም ነው። አላህም በሱረቱል ማኢዳ የሰዎች ጥላቻ ፍትሕን ወደ መተው እንዳይገፋፋን አዞናል። ትእዛዙ ለተመቸን ቀን ብቻ የወረደ አይደለም።

አሁን ወደ «ዝም በሉ» ልመለስ። ዝምታ ሰላም ቢሆን ኖሮ የኢትዮጵያ ሙስሊም ከሁሉ የበለጠ ሰላም ያገኝ ነበር። ለብዙ ዘመን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» እየተባልን በአገራችን እንደ እንግዳ ስንቆጠር ኖረናል። ይህ መለወጥ የጀመረው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አባቶቻችንና እናቶቻችን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ወጥተው እኩልነትን ሲጠይቁ ነው። በዚያ ሰልፍ ክርስቲያኖችም አብረው ተሰልፈዋል። ዛሬ ዒድን በሕዝብ በዓልነት የምናከብረው ያን ቀን ሰዎች ዝም ስላላሉ ነው። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው «ድምፃችን ይሰማ» እንቅስቃሴም ያስተማረን ይህንኑ ነው። ያለ ድንጋይና ያለ ዱላ፣ አንዳንዴም ያለ አንዲት ቃል፣ ጥያቄን ማቅረብ እንደሚቻል አየን። መሪዎቹ ታስረው ከባድ ፍርድ ተፈረደባቸው፤ ሕዝቡ ግን ጥያቄውን ወደ ጎረቤቱ ላይ አላዞረውም።

የመናገር መብታችን የማንም ስጦታ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የሃይማኖትና የእምነት ነፃነትን፣ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይደነግጋል። «ሰው ተገድሏል፤ ገዳዩ ይጠየቅ» ማለት በዚህ መብት ሥር ነው፤ ማንም «ሃይማኖታዊ ግጭት ታነሣሣላችሁ» ብሎ ሊከለክለን አይገባም። በሌላ በኩል የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። አዋጁ ላይ ቅሬታ ያላቸው ብዙ ናቸው። እኛ ግን ከአዋጁ በፊት የሚይዘን ነገር አለን። ያላጣራነውን ወሬ ማሠራጨት በዲናችን ክልክል ነው። ባለፈው ዓመት የጎንደር ነው ተብሎ ስልኬ ላይ የደረሰኝ አንድ ቪዲዮ የሌላ አገር ሆኖ አገኘሁት። በውሸት ምስል የተደገፈ ሐቅ ራሱ ውሸት ይመስላል። ሟቾቹን የምንበድላቸው እዚህ ላይ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያነሣሉ። «በኢስላም ሐዘን ሦስት ቀን ነው፤ ዓመት እየቆጠሩ ማሰብ ቢድዓ አይሆንም ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የፈትዋ ሰው አይደለሁም፤ ፈትዋውን ለዑለሞቻችን እተዋለሁ። የምለው ግን ቀኑን ዒድ እናድርገው፣ የተለየ ዒባዳ እንፍጠርለት አይደለም። ለሞቱት ዱዓ ማድረግ፣ የቲሞችን መጠየቅ፣ በደልን መመስከር በማንኛውም ቀን የተፈቀደ፣ እንዲያውም የታዘዝንበት ነው። ቀኑ የሚጠቅመን ስለሚያሰባስበን ብቻ ነው። የስሬብሬኒትሳ ሰዎች ከ8,000 በላይ ወገኖቻቸው ካለቁ በኋላ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የሚሰባሰቡት ማንነታቸው አዲስ የታወቀውን ለመቅበርና ስማቸውን ለመመዝገብ ነው። ዓለም ግድያውን «አልሆነም» ብሎ መካድ ያቃተው እናቶቹ መዝግበው ስለያዙት ነው።

ስለዚህ ለጀመዓችን የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የደም ምስል አንለጥፍ። በምትኩ ቤተሰቦቻቸው ከፈቀዱ የሟቾችን ስምና ማን እንደነበሩ እንጻፍ። ነጋዴ ነበሩ? ተማሪ ነበሩ? ስንት ልጅ ተዉ? ሬሳ ያስቆጣል፤ ሰው ግን ያሳዝናል፣ ያስተምራልም።

ሁለተኛ፣ ከስሜታዊ ንግግር ይልቅ ሥራ እንሥራ። በዚያ ቀን ሰሞን ሶደቃ አሰባስበን ቤተሰቦችን እንዘይር። የቻልን ደም እንለግስ። ያ ደም ለማን እንደሚሰጥ ማንም ሃይማኖት አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ ጥያቄያችንን በትክክለኛው በር እናንኳኳ። ተጠርጣሪዎቹ ምን ላይ ደረሱ? ማን ተፈረደበት? የተጎዱት ካሣ አገኙ? የመቃብር ቦታው ክርክር በሕግ እልባት አገኘ? ይህን በጽሑፍ፣ በስማችን፣ በጨዋ ቃል ለሚመለከተው አካል እናቅርብ። የሕግ ተማሪዎቻችን እዚህ ላይ ይሥሩ። ለጎንደሩ ሐዘን ብሔራዊ ሐዘን አልታወጀም፤ ቢያንስ መልስ ይገባዋል።

አራተኛ፣ ሚያዝያ 18ን ስናነሣ ሚያዝያ 20ንም እንጥቀስ። በስልጤ የተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናት በኛ ስም ነው የተቃጠሉት። በ2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጂዶቻችን ሲቃጠሉ ክርስቲያን ወገኖቻችን አውግዘው፣ ለማሠሪያም ገንዘብ ማዋጣታቸውን አንርሳ። ይህን ማለት የኛን በደል አያሳንሰውም፤ ምስክርነታችንን ያከብረዋል እንጂ። የራሱን ብቻ የሚቆጥር ምስክር በየትኛውም ፍርድ ቤት አይታመንም።

የዶርም ጓደኛዬን ዘንድሮ አብሮኝ ደም እንዲለግስ ጠይቄዋለሁ። «እስቲ አስብበታለሁ» ብሎኛል። እሺ ቢልም ባይልም ቅር አይለኝም። ቢያንስ ዘንድሮ ለምን እንደማስታውስ ያውቃል፤ እኔም ምን እንደሚፈራ አውቄያለሁ።

አላህ ለሞቱት ምሕረቱን፣ ለቤተሰቦቻቸው ሰብሩን፣ ለኛም ሐቅን በፍትሕ የምንናገርበትን አንደበት ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።