እሬቱን ከማጠጣት በፊት መመዘን

ክረምት በገባ ቁጥር በጅማና በአጋሮ ቤቶች፣ በመስኮት ሥር የተቀመጠው እሬት ቅጠሉ ለስልሶና ቢጫ ሆኖ ሲዘረር እናያለን። ባለቤቱ ጠምቶት ነው ብሎ ያጠጣዋል፤ አልድን ሲለው ለቡናው የተገዛውን ፀረ ፈንገስ ሳሎን ድረስ ያመጣል። ልጆች በሚውሉበት ክፍል መርዝ መርጨትን አጥብቀን እንቃወማለን። መርጨት ብቸኛ መልስ አለመሆኑን የጅማ ሰው ከቡናው ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የቡናን ፍሬ የሚያጠቃው በሽታ አገራችን ሲገባ ተመራማሪዎች በሽታውን የተቋቋሙትን ዛፎች ለይተው ዘር አውጥተዋል።

የእሬቱ ሕመም በአብዛኛው የሚጀምረው ከፊዚክስ ነው (ለሙያችን ብናዳላም)። ኦክስጅን በውኃ ውስጥ የሚሰርገው በአየር ውስጥ ከሚሰርግበት 10,000 ጊዜ ያህል ዘግይቶ ነው። የአፈሩን ክፍተቶች ውኃ ከሞላቸው ሥሩ ይታፈናል፤ ፈንገሱ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። የበሰበሰ ሥር መሳብ ስለማይችል ተክሉ ውኃ መካከል ተቀምጦ የተጠማ ይመስላል፤ አሳሳቹም ይህ ነው። በእውነት የተጠማ እሬት ቅጠሉ ይሳሳል፣ ይሸበሸባል እንጂ ከግርጌው አይላሽቅም።

ስለዚህ ምርመራው በሚዛን ይጀመር እንላለን፤ የሱቅ ሚዛን ይበቃል። አፈሩ ደረቅ ሳለና ውኃ ጠጥቶ ሲያበቃ መትከያውን መዝኖ መመዝገብ፣ ክብደቱ ወደ ደረቁ ልክ ሳይመለስም ውኃ አለመጨመር ነው። በነሐሴ እርጥብ አየር ይህ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። የታመመውን ነቅሎ ጥቁሩን ሥር በንጹሕ ቢላዋ መቁረጥ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን በጥላ ማቆየት፣ ከዚያም አሸዋ በበዛበት አፈር፣ ግርጌው በተበሳ ዕቃ መትከል ያስፈልጋል። ግንዱ እስከ ውስጡ ከጠቆረ አይድንም፤ ጤነኛ ቡቃያ ካለው እሱን ለይቶ መትከል ነው።