ብርሃን ያጋለው ክሪስታል

ቴዎዶር ሜይማን እ.ኤ.አ. በ1960 የመጀመሪያውን ሌዘር ከሩቢ ዘንግ ካፈለቀ ወዲህ፣ የሙያው ሰዎች ከሙቀት ጋር እንደታገሉ ናቸው። ይህ እትም የዚያ ትግል ታሪክ ነው።

ኒዮዲሚየም የተጨመረበት ያግ (ኢትሪየም አሉሚኒየም ጋርኔት) ክሪስታል 808 ናኖሜትር ብርሃን ተቀብሎ 1064 ናኖሜትር ይመልሳል። በዚህ ልዩነት ብቻ ከተቀበለው ኃይል ሩብ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በዘንግ ቅርጽ የተሠራውን ክሪስታል ከውጭ ውሃ ያቀዘቅዘዋል፤ መሃሉ ግን ይግላል። የጋለው መሃል ልስፋ ሲል ቀዝቃዛው ዳር ስለሚይዘው መሃሉ ይታመቃል፣ ዳሩ ይወጠራል። ክሪስታል መታመቅን ይችላል፤ መወጠር ግን ይሰብረዋል። ስንጥቁም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ገጹ ላይ ከቀረች ትንሽ ጭረት ነው። ከዚያ በፊትም ዘንጉ ራሱ ሌንስ ሆኖ ጨረሩን ያዛባል።

የእትሙ አዘጋጅ አስቀድሞ እንዲነበብ የሚመክረው በጀርመኗ ሽቱትጋርት የተሠራውን ሥራ ነው። በዚያ የአዶልፍ ጊዘን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዘንጉን ትቶ ሙቀቱን በጀርባው የሚያስወጣ፣ ከግማሽ ሚሊሜትር የቀጠነ ዲስክ ይዞ ቀረበ።